ስለ ብየዳና ስለሚጓዝ እሳት ሒሳብ

ብየዳ የእጅ ሥራ ነው፤ ሒሳብ ምን ያደርግለታል? የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛም የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የዚህ ሒሳብ ዋና ቁልፍ «ከየት ሆኖ መመልከት ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ስለ ሆነ፣ ለማንኛውም ተማሪ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

በኤሌክትሪክ ሲበየድ እሳቱ በአንድ ቦታ አይቆምም። በብረቱ ላይ አንድ ነጥብ መርጠን ብንጠብቅ፣ ነጥቡ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነው፤ እሳቱ ሲደርስ ይግላል፤ ሲያልፍም ይበርዳል። ሙቀቱ በየቦታውና በየሴኮንዱ ስለሚለዋወጥ ስሌቱ አስቸጋሪ ነው። ዳንኤል ሮዘንታል የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1946 ባወጣቸው ጽሑፎች መውጫውን አሳየ፤ ይኸውም ተመልካቹን ከብረቱ ላይ አንሥቶ በእሳቱ ላይ አስቀመጠው። በጣና ሐይቅ ታንኳ ሲያልፍ በዳር የቆመ ሰው ሞገዱ ሲመጣና ሲሄድ ያያል፤ በታንኳው የተቀመጠው ግን ፍጥነቱ እስካልተለወጠ ድረስ ውሃው ከፊቱ ተሰንጥቆ ከኋላው ሲዘረጋ ዘወትር አንድ መልክ ብቻ ያያል። እንደዚሁም ከእሳቱ ጋር ለሚጓዝ ተመልካች የሙቀቱ መልክ አይለወጥም። ስለዚህ ጊዜ ከስሌቱ ውስጥ ወጣ።

ለምሳሌ ያህል በ25 ቮልትና በ150 አምፔር የሚሠራ ብየዳ 3,750 ዋት ኃይል አለው። ከዚህ 80 በመቶው ወደ ብረቱ ገባ ብንል 3,000 ዋት ይሆናል። ብረቱ ወፍራም፣ የእሳቱም ፍጥነት በሴኮንድ 4 ሚሊሜትር ነው እንበል። ለብረት የተለመዱትን ቁጥሮች ወስደን ስናሰላ፣ ከእሳቱ 1 ሴንቲሜትር ቀድሞ ያለው ብረት የሚሞቀው በ8 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ 1 ሴንቲሜትር ከኋላ ያለው ግን በ1,200 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ሙቀቱ ወደ ፊት ሊሸሽ ቢሞክር እሳቱ ይደርስበታል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን የሚከተለው ነው። በብየዳው መስመር ላይ፣ ልክ ከእሳቱ ኋላ፣ ሙቀቱ በርቀት ይወሰናል እንጂ በፍጥነት አይለወጥም፤ በያጁ ቢፈጥንም ቢዘገይም 2 ሴንቲሜትር ላይ ግማሹ፣ 4 ሴንቲሜትር ላይ ሩቡ ነው። የፈጠነው በያጅ ግን ያንን ርቀት በአጭር ጊዜ ስለሚያልፍ ብረቱ ቶሎ ይበርዳል።

ቶሎ ቢበርድስ ምን ይጎዳል? ቀጥቃጭ የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነክር ብረቱ እንደሚጠነክር እናውቃለን። ካርቦን የበዛበትም ብረት በብየዳው ዳር ቶሎ ሲበርድ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ከእርጥበት የመጣ ሃይድሮጅን ከገባበት ደግሞ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ፣ በያጁ ሥራውን አስረክቦ ከሄደ ወዲያ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንዲህ ባለ ብረት ላይ ሰው ይሳፈራል፤ ዕቃም ይጫናል።

መድኃኒቱ ብረቱን አስቀድሞ ማሞቅ ነው። በምሳሌያችን ብረቱ በ20 ዲግሪ ሳለ ሥራው ቢጀመር፣ 550 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ሙቀቱ በየሴኮንዱ 94 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አስቀድሞ 150 ዲግሪ ቢሞቅ ግን የሚወርደው 54 ያህል ብቻ ነው። ይህ ግን ነዳጅና ጊዜ ይፈጃል፤ በሠራው ቁጥር ልክ ለሚከፈለው በያጅ ደግሞ ጊዜ እንጀራው ነው። ስለዚህ «በያጁ ግድ የለውም» ብለን ከመፍረዳችን በፊት የሥራውን ዋጋ ማን እንደ ተመነው መጠየቅ ይገባናል።

ሒሳቡ ጉድለት የለውም አንልም። ሮዘንታል እሳቱን እንደ አንድ ነጥብ ስለ ቆጠረው በነጥቡ ላይ ሙቀቱ ወሰን የለሽ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም። የብረቱ ጠባይ ከሙቀቱ ጋር መለዋወጡንም አላሰበም። እ.ኤ.አ. በ1984 በካናዳ ጎልዳክና ባልደረቦቹ ለእሳቱ ከፊት አጠር፣ ከኋላ ረዘም ያለ እንቁላል መሰል ቅርጽ ሰጡት፤ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚያሰሉ ብዙዎች በዚሁ ይሠራሉ። ሆኖም የሮዘንታል ስሕተት የሚብሰው በቀለጠው ብረት ውስጥና በአጠገቡ ስለ ሆነ፣ ብረቱ በምን ፍጥነት እንደሚበርድ ለመገመት ቀመሩ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ የሚፈልገውም እርሳስና ወረቀት ነው። ላሜራው ስስ ከሆነ ግን ሙቀቱ ወደ ታች የሚሸሽበት ስለሌለው ወደ ጎን ብቻ ይሄዳል፤ ለዚህ ሌላ ቀመር አለ፤ ከላይ ያሉት ቁጥሮች ለመስኮትና ለበር ላሜራ አይሠሩም።