ሕፃንን በቤት ስለ ማስተማር

ወላጆች ሆይ፤ በኮልፌ ቀራንዮ ከምንኖረው ብዙዎቻችን ማለዳ በአየር ጤና ወይም በዓለም ባንክ የታክሲ ሰልፍ እንቆማለን፤ ወደ ቤት የምንመለሰውም ልጁን እንቅልፍ ሲያዳፋው ነው። ስለዚህ የአራት ዓመት ሕፃንን ማስተማር የመምህር ፋንታ ነው ብለን እንተወዋለን። ዳሩ ግን ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መጻሕፍትን ያወቀው አያቱ ሎይድና እናቱ ኤውንቄ ባሉበት ቤት ነው።

እኔ ስሕተቴን ልናዘዝ። የመጀመሪያ ልጄን ፊደል ያስቆጠርሁት አርጩሜ በጉልበቴ ላይ አኑሬ ነበር። ከሀ እስከ ፐ ሳይደናቀፍ ሲወርደው በጎረቤት ፊት ተመካሁበት። አንድ ቀን ግን «ሂ»ን ብቻዋን በጣቴ ባሳየው ዝም አለ፤ ከዚያም በለሆሳስ «ሀ፥ ሁ» ብሎ ከመነሻው ጀመረ። የያዘው ዜማውን ነው እንጂ ፊደሉን አልነበረም። ተቆጥቼ መታሁት። በማግሥቱ ገበታው ጠፋ፤ ብፈልገው ልጁ ከአልጋ ሥር ደብቆታል።

የቀድሞ የኔታዎች ይህን የልጅ ጠባይ ዐውቀው ነበር። ከሀ ሁ በኋላ አቡጊዳን ያስከትላሉ፤ አ፥ ቡ፥ ጊ፥ ዳ፥ ሄ፥ ው፥ ዞ እየተባለ ተራው ሲለወጥ ዜማ ብቻ የያዘው ይገታል፥ መልኩን የያዘው ያልፋል። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 7 መልክ ስላላቸው 231 ይሆናሉና ለማስጨበጥ አትሩጡ። ከልጁ ስም መጀመሪያ ፊደል ጀምሩ፤ በትሪ ላይ ዱቄት ነስንሳችሁ በጣቱ ይጻፈው። «ለ»ን ካወቀ፥ «ሉ» በጎኗ ምን እንደ ጨመረች፥ «ሌ» ከእግሯ ሥር ምን ቀለበት እንዳደረገች ራሱ ይፈልግ። ሀ፥ ሐ፥ ኀን ለይ አትበሉት፤ በዚህስ ትልልቆችም እንሳሳታለን።

ትምህርቱ ቡና እስኪፈላ ያህል ይበቃል፤ ሲያዛጋ ተዉት። ምስር ሲለቀም ቁጥር ይቁጠር። ማታ ተረት ንገሩት፤ በቤታችሁ ጉራግኛ ወይም ስልጥኛ ወይም ኦሮምኛ የሚነገር ቢሆን በዚያው ይሁን። ልጁ የእናቱን ቋንቋ ሳይጠግብ በእንግሊዝኛ ስለ ተናገረ የሚመኩትን እኔ አላመሰግንም።

አርጩሜውን ሰብሬ ጣልሁት፥ ገበታውን ግን ከተደበቀበት አላወጣሁም። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ልጄ ራሱ ይዞት መጣ፤ የጠየቀኝም የእናቱ ስም በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር ነበር።