ቤቱ ተቃጥሎ ዕዳው ሲቀር

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 በሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ በፓሊሴድስና በአልታዲና የተነሣው ሰደድ እሳት ከ16 ሺህ በላይ ቤቶችንና ሌሎች ግንባታዎችን አወደመ። የቤት ብድሩ (የሞርጌጁ) ወርሃዊ ክፍያ ግን አልቆመም። ባንኩ ያበደረው ለሰው ነው፤ ቤቱ መያዣ ብቻ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤትዎ ከተቃጠለ ነገሩን በዚህ ቅደም ተከተል ይያዙት።

መጀመሪያ ለኢንሹራንስዎ ይደውሉ። የካሳ ጥያቄ ቁጥርዎን ይቀበሉ፣ የፖሊሲውን ሙሉ ቅጂም ይጠይቁ፤ ማጠቃለያው ገጽ ብቻ አይበቃም። ጉዳይዎን የሚከታተለው ሠራተኛ ሊቀያየር ስለሚችል ያነጋገሩትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የተባባላችሁትን ደብተር ላይ ያስፍሩ። አስቸኳይ ጊዜ በታወጀበት አደጋ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ከወደመ፣ ሕጉ የኪራይና የተጨማሪ ኑሮ ወጪ ሽፋን ቢያንስ 24 ወራት እንዲዘልቅ፣ ሲጠየቅም የአራት ወሩ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። ሲጠየቅ ነውና ይጠይቁ።

ቀጥሎ ሞርጌጁን ለሚሰበስበው ኩባንያ ይደውሉ። «ፎርቤራንስ» የሚሉት የክፍያ ማዘግየት አለ። ከመስማማትዎ በፊት ግን ጊዜው ሲያበቃ ያልተከፈለው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይጠየቅ እንደሆነ ወይም ወደ ብድሩ መጨረሻ ይዛወር እንደሆነ በጽሑፍ ያስመልሱ። የኢንሹራንስ ክፍያዎንም አያቋርጡ። ካቋረጡ ባንኩ ራሱ ኢንሹራንስ ገዝቶ ሂሳቡን እርስዎ ላይ ይጭናል፤ ይህ ደግሞ ዋጋው ውድ፣ ጥቅሙ በዋናነት ለባንኩ ነው።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው ቼኩ ሲመጣ ነው። ለሕንፃው የሚከፈለው ቼክ የባንኩም ስም ይኖርበታልና ብቻዎን ሊመነዝሩት አይችሉም። ባንኩ ገንዘቡን ይዞ ግንባታው በደረሰበት ደረጃ እየከፈለ ይለቅቃል፤ በስንት ጊዜ እንደሚከፍል፣ ሥራውን ማን እንደሚመረምርና የተያዘው ገንዘብ ወለድ ያፈራ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የዕቃና የኑሮ ወጪ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ብቻ ስለሆነ በተለየ ቼክ እንዲመጣ ያድርጉ፤ ከሕንፃው ጋር ከተደባለቀ ለማውጣት ያለፋል።

በካሳው ዕዳውን ዘግቶ መገላገል ያጓጓል። እስቲ እናስላው፦ ካሳው 600 ሺህ ዶላር፣ ዕዳው 400 ሺህ ቢሆን፣ ተከፍሎ የሚተርፈው 200 ሺህ ነው። መሬቱ የእርስዎ ይሆናል፤ በ200 ሺህ ግን ሎስ አንጀለስ ላይ ቤት አይሠራም። የድሮው ብድርዎ ወለድ ዝቅተኛ ከሆነማ በእኔ በኩል አይንኩት እላለሁ።

ለዕቃው፣ በዚያ ቃጠሎ ጊዜ በነበረው ሕግ ሙሉ ውድመት የደረሰበት ሰው ዝርዝር ሳያቀርብ የሕንፃውን ሽፋን 30 በመቶ፣ ቢበዛ 250 ሺህ ዶላር መቀበል ይችል ነበር። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ግን እያንዳንዱን ዕቃ ይቆጥራል። የአበሻ ቤት ከሆነ የኢንሹራንሱ ገማች የመሶብንና የጥልፍ ቀሚስን ዋጋ ከየት ያውቃል? ከሠርግና ከጥምቀት ፎቶዎች እየለቀሙ ዋጋውን ራስዎ ይጻፉለት።

እሳቱ ያለፈዎት ጎረቤትም ዚፕ ኮድዎን ይመልከቱ። አስቸኳይ ጊዜ በታወጀበት ቃጠሎ ክልልና በአጎራባች ዚፕ ኮዶች ውስጥ ኢንሹራንሶች በእሳት ስጋት ምክንያት ለአንድ ዓመት ውል ማቋረጥም ሆነ አላድስም ማለት አይችሉም። ዓመቱ ሳያልቅ ሌላ ኢንሹራንስ ማፈላለግ ይጀምሩ።