በወር አንድ ፊልም፦ ሥራ ለበዛበት ሰው የፎቶግራፍ ትምህርት

ለመሆኑ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያችሁ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ሲነሳ አብዛኞቻችን «ትርፍ ጊዜ የት አለና!» ብለን እናልፈዋለን። እኔም ቀን ክፍል፣ ማታ ፎቶ ኮፒ ቤት የምውል ተማሪ በመሆኔ እስከ ባለፈው ሴሚስተር ድረስ መልሴ ይኸው ነበር። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አጎቴ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ከእሳቸው የተማርኩትን፣ ከስህተታቸውም የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ጋሼ (አጎቴን የምጠራቸው እንዲህ ነው) ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የባንክ ሠራተኛ ነበሩ። ቤታቸው ፒያሳ፣ መሥሪያ ቤታቸው ለገሐር። ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ከመጣ ጓደኛቸው በገዙት ዜኒት ካሜራ ፎቶ ያነሱ ነበር። ልጆች ሳለን የብስኩት ቆርቆሯቸውን ከፍተው ፎቶ ሊያሳዩን ሲሉ እንሸሻለን። ምን አለውና! ሠርግ የለ፣ ልደት የለ። የሱቅ በር፣ የድንጋይ ደረጃ፣ ሊስትሮ፣ ቆሎ ሻጭ። በቃ።

ታዲያ ባለፈው ሴሚስተር በፎቶ ጋዜጠኝነት ኮርስ «ስለተለወጠ ሰፈር የፎቶ ታሪክ ሥሩ» ተባልን። እኔ ፒያሳን መረጥኩ። እንደሚታወቀው በአካባቢው የነበሩ አሮጌ መንደሮች በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፤ ጋሼም ያኔ ተነስተው ሌላ ሰፈር ገብተዋል። ሄጄ ሰፊውን መንገድ፣ አዳዲሶቹን መብራቶች አነሳሁ። መምህራችን አይተው «ጥሩ ነው፤ ግን ምን እንደነበረ አይነግረኝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የፈረሰ ቤት ተመልሶ ፎቶ አይነሳ! እሁድ ዕለት ጋሼ ቤት ሄድኩና እንደዚያ የምሸሸውን ቆርቆሮ እንዲከፍቱልኝ ለመንኳቸው።

«ጋሼ፣ በዚያ ሁሉ ሥራ መሀል ይህን ያህል ፎቶ መቼ አነሱት?»

«ለሥራ ስሄድና ከሥራ ስመለስ ነዋ! ሌላ ጊዜማ ከየት ይመጣል?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፤ ልዩ ጊዜ አለመጠበቅ። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ያነሳል። ፊልም መግዣው፣ ማሳጠቢያው፣ ማሳተሚያው ለደመወዝተኛ ቀላል ስላልነበረ ጋሼ አንዱን ፊልም ለአንድ ወር ያብቃቁታል። ሲሰላ በቀን አንድ ፎቶ መሆኑ ነው። አንድ ፎቶ ደግሞ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ስለ ብርሃን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም፤ ሁለቱም ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ናቸው። ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ሽቅብ ስለምትወጣ ለስላሳው የጠዋት ብርሃን ቶሎ ያልፋል። ቀትር ላይ ከአናት ስለምትሆን የዓይን ሥር ይጠቁራል፣ ፊት ያስቀይማል። ልብ በሉ፤ ብርሃኑ መጥፎ በሚሆንበት ሰዓት ሠራተኛው ቢሮ ውስጥ ነው! ጥሩው ብርሃን ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ያገኘዋል። ጋሼ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቤት ወጥተው በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሐር በእግራቸው ሲወርዱ የምሥራቅ ፀሐይ በግራቸው ናት፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲመለሱ ደግሞ የምዕራብ ፀሐይ በግራቸው ትሆናለች። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የግድግዳውን ሸካራነት፣ የፊቱን መስመር ሁሉ ያወጣዋል። የፎቶዎቻቸው ውበት ሚስጥሩ ይኼ ነው።

ሦስተኛው ካሜራን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ጋሼ የሚሠሩበት የቆየ ደንብ አለ፦ ሙሉ ፀሐይ ከሆነ አፐርቸር የሚባለውን የሌንስ ቀዳዳ 16 ላይ፣ የሹተሩን ፍጥነት ደግሞ ለፊልሙ አይ.ኤስ.ኦ. በሚቀርበው ቁጥር ላይ ማድረግ። የፊልሙ ቁጥር 100 ከሆነ ሹተሩ 1/125 ይሆናል። ደመና ከሆነ አፐርቸሩን ወደ 8 መክፈት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋልና። ይህን ከቤት ሳይወጡ ያስተካክላሉ፤ መንገድ ላይ የሚቀራቸው ማተኮርና መጫን ብቻ ነው።

«እኔ ካሜራ የለኝም» የምትሉ ካላችሁ ስልካችሁ ይበቃል። የአዲስ አበባን የመንገድ ላይ ሰዎች በስልክ በማንሳት የታወቀው ግርማ በርታ እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ለፎቶግራፈሮች ከሚሰጡት ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። በስልክ ስታነሱ ስክሪኑ ላይ የሰውየውን ፊት ንኩ፤ ስልኩ ብርሃኑን ለፊቱ ያስተካክላል።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። ከቆርቆሮው 12 ፎቶ መርጬ ለእያንዳንዱ መግለጫ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሰባቱ ላይ ጋሼ ከጀርባው ስምና ቀን ጽፈዋል። አምስቱ ባዶ ናቸው። አንዷ ቆሎ ሻጭ እናት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በጠዋት ፀሐይ እየሳቁ። ከሁሉም የምትበልጠው ፎቶ እሷ ናት።

«እኚህ ማን ናቸው?»

ጋሼ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። «በየቀኑ ነው የማያቸው» አሉ። «በየቀኑ የማየውን ሰው ስም እረሳለሁ ብዬ መች ጠረጠርኩ! ስማቸውን መጠየቅም አልመሰለኝም።»

ጎረቤት እንዳንጠይቅ ጎረቤቱ ተበትኗል። እናም ያቺን ፎቶ ያለ ስም አስገባኋት። መምህራችን ሥራውን አመስግነው እሷ ላይ ሲደርሱ «ማን ናቸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ቪቪያን ማየር (1926–2009 እ.ኤ.አ.) አብዛኛውን ዕድሜዋን ቺካጎ ውስጥ በሞግዚትነት ስትሠራ ከ100,000 በላይ ፎቶ አንስታለች። ዕቃዋ የተቀመጠበት ኪራይ ባለመከፈሉ በ2007 እ.ኤ.አ. በጨረታ ተሸጠ፤ ዓለም ያደነቃት ከሞተች በኋላ ነው። በፎቶዎቿ ውስጥ ያሉ ብዙ ሰዎች ዛሬም ማን እንደሆኑ አይታወቅም። እሷም እንደ ጋሼ ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳይከፍላት ነበር የምታነሳው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ካሜራ ይዘን የምንወጣው ሲፈርስ፣ ሲመረቅ፣ ሲቃጠል ነው። ማንም ዜና የማይለውን ተራ ጠዋት የሚያነሳው በመንገዱ የሚያልፈው ሠራተኛ ነው። ግን ፎቶው ምስክር የሚሆነው ስም፣ ቦታና ቀን ሲኖረው ነው። ይህ ደግሞ ከአንድ መስመር በላይ አይፈጅም።

እኔ ጀምሬያለሁ። በቀን አንድ ፎቶ፣ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ስሄድ። የመጀመሪያዋ ፎቶዬ በራችን ላይ በቆሎ የሚጠብሱት ሴትዮ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስገዛቸው ስማቸውን አላውቅም ነበር፤ ጠየቅኳቸው። «ምን ሊያደርግልህ?» ብለው ሳቁና ነገሩኝ። ጽፌዋለሁ።

እስኪ እናንተም ነገ ጠዋት ሞክሩት። ሰላም ሁኑ!