የተጣበቀ የፍሬን ሸራና የዛገ ብሎን አፈታት

መኪና ክረምቱን ሙሉ ደጅ ቆማ ከርማ መስከረም ላይ ልትነሣ ስትል ሞተሩ ይሠራል፤ ማርሹም ይገባል፤ ጎማው ግን አልዞርም ይላል። ባለቤቱ ነዳጅ እየሰጠ ሲያስገድዳት «ጧ» ብላ ትለቃለች፤ እሱም ተገላገልሁ ብሎ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በዚያች ድምፅ ከሸራው ላይ ቁራጭ ተገንጥሎ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ዝገት ነው። ዝገት የሚይዘው ቦታ ብረቱ ቀድሞ ይዞት ከነበረው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በጠባብ ስፍራ ሲያድር፥ ይኸውም በብሎኑ ጥርስና በቀዳዳው፥ በሸራው ጆሮና በማረፊያው፥ ካሊፐሩ በሚንሸራተትበት ፒንና በቤቱ መካከል ሲገባ፥ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይወጥራል። ፒኑ ከተያዘ ካሊፐሩ መንሸራተት ስለሚያቅተው ፒስቶኑ የሚገፋው ሸራ ብቻውን ያልቃል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ግን አዲስ እንደ መሰለ ይቀራል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። 1,000 ሜትሩን ብቻ ብናሰላ 12 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል፤ 35 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ የሚያደርስ ሙቀት ማለት ነው። በከባድ ማርሽ የማይወርድ ሰው ይህን ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጭነዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የተባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ የተወሰነ ሲሆን፥ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወሰኑ 140 ነው። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ መኪናዋም አትቆምም።

ወደ ሥራው እንመለስ። የጎማው ዳዶ የሚላላው መኪናዋ መሬት ላይ ሳለች ነው። ከዚያ ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ፤ በክሪክ ከተነሣች በኋላም ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ይገባል። በክሪክ ብቻ ተንጠልጥላ መሥራት አይገባም፤ የጡብ ቁልልም ማቆሚያ አይደለም። የኋላ ጎማ እንደ ሆነ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። አቧራውን በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በአሮጌ ወይም ምንጩ ባልታወቀ ሸራ ውስጥ ለሳምባ ጠንቅ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል።

ሸራ ለመለወጥ የሚፈቱት በስተኋላ ያሉት ሁለቱ ትናንሽ የፒን ብሎኖች ናቸው። ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፤ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይንጠባጠብበትና ይታደራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ዘይቱን አፍስሶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቱቦ በመፍቻው ላይ ሰክቶ ይንጠለጠልበታል፤ ብሎኑም ይቆረጣል። ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ ውሰዱ፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገ ራስ ያሟልጣል። ራሱን በመዶሻ መታ መታ አድርጉ፤ ከዚያም ጥቂት አጥብቆ ጥቂት ማላላት ነው። ፒኑ አብሮ ከዞረ በቀጭን መፍቻ ይያዛል።

እሳት የመጨረሻው ዘዴ ነው። 10 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ 300 ዲግሪ ሙቀት ሲጨመርበት የሚሰፋው 0.036 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ዝገቱን ለመስበር ግን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን ላስቲክና ዘይት ባለበት ካሊፐር ላይ አይደረግም። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረትም እሳት ሲነካው ፎስጂን ሊወጣው ይችላል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለመርዝነት የዋለው ጋዝ ነው።

ብሎኑ ወጥቶ ካሊፐሩ አልነሣ ሲል፥ ሸራው በዲስኩ ጠርዝ በተነሣው የዝገት ከንፈር ተይዞ ይሆናል። በሸራውና በዲስኩ መካከል ጠፍጣፋ ካቻቪቴ አግብቶ ፒስቶኑን በዝግታ መግፋት ነው። አልመለስ ካለ የማስተንፈሻውን ብሎን ከፈት አድርጉ፤ ያን ጊዜ ከተመለሰ ጥፋቱ ከውስጥ በተደፈነው ቱቦ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ አሁንም እምቢ ካለ ፒስቶኑ ራሱ ዝጓል። የእጅ ፍሬን የተያያዘበት የኋላ ካሊፐር ግን ብዙ ጊዜ እየዞረ ነው የሚገባው፤ በጉልበት የገፋው ሰው ይሰብረዋል። የወረደው ካሊፐር በሽቦ ይታሰር እንጂ በቱቦው አይንጠልጠል።

ዲስኩም የሚወጣ ከሆነ፥ በአንዳንድ የጃፓን መኪና ላይ የሚይዙት ብሎኖች ባለ መስቀል ራስ ናቸው። መስቀላቸው ከተለመደው ካቻቪቴ ጋር በልክ አይገጥምምና በመዶሻ ሲመታ የሚዞር መፍቻ ያስፈልጋል። በብዙ ቶዮታዎች ዲስክ ላይ ሁለት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች አሉ፤ 8 ሚሊሜትር ብሎን በተራ በተራ ሲጠብቅባቸው ዲስኩን ገፍቶ ያወጣዋል።

ሲመለስ የሸራው ማረፊያ እስኪያበራ ይፋቃል፤ ፒኑም የሲሊኮን ግራሶ ይቀባል፤ ተራው ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። የዲስኩንና የሸራውን ፊት ምንም ቅባት አይንካው። መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጣል፤ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነውና። ከጥቂት ኪሎሜትር ጉዞ በኋላም ቆሞ እጅን ሳያስነኩ ወደ ሁለቱም ቸርኬ ማቅረብ ነው፤ አንደኛው ከሌላው ይበልጥ የሚጋረፍ ከሆነ በዚያ በኩል ገና የተያዘ ነገር አለ።