በበጋ የቡናን ቅጠል ስለሚያቀላው ተባይ

በጅማ፣ በአጋሮና በየቡ አካባቢ የምትኖሩ ገበሬዎች ሆይ፣ የቡናው ለቀማ ካበቃ በኋላ በጥርና በየካቲት የአንዳንዱ ቡና ቅጠል በእሳት ወላፈን የተለበለበ መስሎ ሲቀላ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ዝገት የሚባለው በሽታ ነው ይላል። ዝገት ግን በቅጠሉ ሥር በኩል ብርቱካንማ ዱቄት ያበጃል። ዱቄት ሳይኖር የቅጠሉ ላይኛው ፊት ብቻ ከቀላ፣ ያን ፊት በነጭ ጨርቅ አሹት። በጨርቁ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ከቀረ ቀይ ሸረሪት የተባለው ተባይ ነው። ይኸውም የሸረሪት ዘመድ፣ ስምንት እግር ያለው፣ በዓይን በጭንቅ የሚታይ ፍጥረት ሲሆን የቅጠሉን ጭማቂ እየመጠጠ ይኖራል።

በክረምት ብርቱ ዝናብ ስለሚያጥበው አይበዛም። ዝናቡ ሲያቆምና አየሩ ሲሞቅ ግን ከእንቁላል ተነሥቶ ራሱ እንቁላል እስኪጥል ድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ዝናብ ያልጣለ እንደሆነ ትውልዱ በትውልድ ላይ ይደራረባል። ቅጠሉም የሚረግፈው ቡናው አበባ ለማውጣት በሚዘጋጅበት ወራት ስለሆነ ጉዳቱ ወደሚመጣው ምርት ይተላለፋል።

በመንገድ ዳር ያለውን ቡና አስቀድማችሁ ተመልከቱ። የጭነት መኪና የሚያነሣው አቧራ በቅጠሉ ላይ ሲተኛ፣ ተባዩን የሚበሉት ጥቃቅን ነፍሳት እንደ ልባቸው ሊያድኑት አይችሉም። ጥላ የሌለው ቡናም እንዲሁ ቶሎ ይጠቃል። ዋንዛውንና ሳሳውን ለእንጨት ብሎ የቆረጠ ሰው ይህን በበጋ ያየዋል።

ቅጠሉ ቀላ ብሎ ያገኙትን ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ገዝቶ መርጨት ትልቅ ስሕተት ነው። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ቀይ ሸረሪትን በሚገባ ሳይገድሉ ጠላቶቹን ይፈጁለታል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ተባዩ ከፊተኛው ይልቅ በዝቶ ይገኛል። እንዲህ ያደረገ ሰው በገንዘቡ ተባይ አረባ ማለት ነው።

ይልቁንስ ከታኅሣሥ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ዛፎችን በጨርቁ ፈትኑ። ከቡናው ሥር ደረቅ ሣርና ቅጠል ጎዝጉዙ፤ እርጥበቱን ይጠብቃል። በመደብ ላይ ያለ ችግኝ ከተያዘ የቅጠሉን ላይኛ ፊት በውኃ እጠቡ። ትልቁ ቡና ላይ ጥቂት ቅጠል ብቻ ቀልቶ የበልጉ ዝናብ ከተቃረበ መጠበቅ ይሻላል፤ ጥሩ ዝናብ ከመድኃኒት ይበልጣል። ዝናቡ ዘግይቶ ቅጠሉ መርገፍ ከጀመረ ግን የልማት ሠራተኛውን ጥሩ። እርሱም ስለ መድኃኒት ከመናገሩ በፊት ዝናብ መቼ እንዳቆመና ከዚያ በፊት ምን እንደተረጨ ይጠይቅ።