እርሷም አራስ ናት፦ ልጇ በማኅፀን ለሞተባት እናት የሚደረግ እንክብካቤ



ስለ እናቶች ጤና በአንድ የገጠር ሰበካ በሰጠነው ሥልጠና ላይ አንድ አረጋዊ ካህን የተናገሩት ቃል ለዚህ ትምህርት ምክንያት ሆነን። «ከሠላሳ ዓመት በላይ የንስሐ አባት ሆኛለሁ። ልጅ ሲወለድ ለክርስትና እጠራለሁ፤ ሰው ሲያርፍ ለፍትሐት እጠራለሁ። ልጇ ሞቶ ወደተወለደባት እናት ግን ማንም ጠርቶኝ አያውቅም፤ እኔም ሳልጠራ ሄጄ አላውቅም» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከእኛም መካከል «እኔ ሄጃለሁ» ለማለት የቻለ አልነበረም።

ኀዘኑ ግን ጥቂት ቤቶችን ብቻ የሚነካ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ ሞተው እንደተወለዱ ይገመታል። ከእነዚህ ከአምስቱ ሁለት ያህሉ የሚሞቱት ምጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ከቀሩት እናቶች ብዙዎቹ ግን ልጃቸው በሕይወት እንደሌለ እያወቁ ማማጥ ግድ ይሆንባቸዋል። ይህ ትምህርት የሚናገረው በተለይ ስለ እነዚህ እናቶች ነው።

ከምርመራው በኋላ

እናቲቱ «ልጁ መንቀሳቀስ አቆመ» ወይም «እንቅስቃሴው ቀነሰ» ካለች ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። የልብ ምቱ አለመኖሩ የሚረጋገጠው በአልትራሳውንድ ነው። ከተረጋገጠም በኋላ እናቲቱ «አሁን ተንቀሳቀሰ» ልትል ትችላለች። ይህን የምትለው አእምሮዋ ስለተናወጠ አይደለም። ስትገላበጥ ልጁ በሽርት ውኃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ በእርግጥ የሚሰማት ነገር አለ። መልካም አዋላጅ አትቆጣትም፤ ምርመራውን ደግማ ታሳያታለች።

ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የደም ግፊት ወይም የሽርት ውኃ መፍሰስ ከሌለ፣ ከባለሙያው ጋር ተማክራ ለአጭር ጊዜ ወደ ቤቷ ተመልሳ ለመጽናናትና ለመዘጋጀት ትችላለች። ምጥ ብዙውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይመጣል። ነገር ግን መዘግየቱ እየረዘመ ሲሄድ የደም መርጋት ሥርዓት ሊዛባና ለከባድ የደም መፍሰስ ሊዳርጋት ስለሚችል፣ ባለሙያዎች ምጥ የሚያስጀምር መድኃኒት ይሰጣሉ። መድኃኒቱ በጤና ተቋም ብቻ የሚሰጥ ነው፤ በተለይ ከዚህ በፊት በቀዶ ጥገና ለወለደች እናት ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «ለምን በቀዶ ጥገና አውጥተው አይገላግሏትም?» ይላል። ጥያቄው ከርኅራኄ የመጣ ነው። ሆኖም አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ በምጥ መውለድ ለእናቲቱ ሕይወትም ሆነ ለሚቀጥለው እርግዝናዋ የተሻለ ነው። ይህን ለቤተሰቡ በትዕግሥት ማስረዳት ከጭቅጭቅ ያድናል።

በምጥ ሰዓት

ይህ ምጥ እንደ ማንኛውም ምጥ ያምማል። ስለዚህ የሕመም ማስታገሻ፣ የምትወደው ሰው አብሯት መሆንና የምታውቃት አዋላጅ በአጠገቧ መገኘት ያስፈልጋታል። ጎረቤት «ማርያም ማርያም» ብሎ ሊማጸንላት የሚገባ እናት ናት። የሕፃናት ልቅሶ ከሚሰማበት ክፍል የተለየ ቦታ ቢገኝላት እጅግ መልካም ነው።

አዋላጇ አስቀድማ በገር ቃል ልታዘጋጃት ይገባል፤ ሕፃኑ አያለቅስም፣ ቆዳውም ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ከተወለደ በኋላ አጥባ በንጹሕ ጨርቅ ትጠቀልለዋለች፤ ወንድ ወይም ሴት መሆኑንም ትነግራታለች። ከዚያም «ልታዪው ትፈልጊያለሽ?» ብላ ትጠይቃታለች። እናቲቱ እምቢ ካለች አትገደድም፤ ቆይቶ ግን አንድ ጊዜ ትጠየቃለች። በብዙ ቤት «እንዳይከፋት» ተብሎ ሕፃኑ ሳትጠየቅ በችኮላ ይወሰዳል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ደግ ልብ አላቸው፤ ነገር ግን ውሳኔው የወላጆቹ ነው።

እጇ ባዶ የሆነ አራስ

ልጅ በሕይወት ሲወለድ እልልታው ይቀልጣል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ለዚህች እናት ግን እልልታም የለም፤ በብዙ ቦታ ዕድሩም ድንኳን አይተክልም። በማግሥቱ ውኃ ልትቀዳ የምትወርድም አለች። ሰውነቷ ግን የአራስ ሰውነት ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ገደማ ጡቷ ወተት ይሞላል፤ አንዳንድ እናቶች ከሁሉ የከበደን ያ ሰዓት ነው ይላሉ። ጡትን ደግፎ የሚይዝ ልብስና ቀዝቃዛ ጨርቅ ይረዳል፤ ወተቱ እንዳይበዛ ደጋግሞ አለማለብ ይመከራል።

ብዙ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም የአንድ እግር ማበጥና ሕመም ከታየ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለባት። እንቅልፍና ምግብ አጥታ የሰነበተች ወይም ስለ መሞት የምትናገር ከሆነም እንዲሁ። የደም ዓይነቷ አር ኤች ኔጋቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ እንዳለ ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል። ቂጥኝ ከተገኘ ባልና ሚስት አብረው ይታከማሉ። ስለማታጠባም እርግዝና ፈጥኖ ሊመጣ ስለሚችል ከባለሙያ ጋር አስቀድማ ትመካከር። ስታረግዝም በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ ክትትል ትጀምርና ያለፈውን ሁሉ ትናገር።

የካህኑና የሰበካው ድርሻ

ከጎረቤት ሹክሹክታ ይልቅ እናቲቱን የሚያቆስላት የራሷ ጥያቄ ነው፤ «ምን በድዬ ነው?» ትላለች። የደም ግፊት፣ ኢንፌክሽን፣ የእንግዴ ልጅ ቀድሞ መላቀቅ፣ የተራዘመ ምጥ ከታወቁት ምክንያቶች መካከል ናቸው፤ አንዳንዴም ምክንያቱ ጨርሶ አይታወቅም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የማን ኃጢአት እንደሆነ ሲጠይቁ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ መልሶላቸዋል (ዮሐ 9፥1-3)። የጌታን መልስ ለእናቲቱ ማድረስ የንስሐ አባት ሥራ ነው።

የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ተቀምጠዋል (ኢዮ 2፥13)። ስሕተታቸው የታየው ምክንያት መፈለግ ሲጀምሩ ነው። «እግዚአብሔር ሌላ ይተካልሻል» ማለት ለተናጋሪው ይቀልላል፤ እናቲቱ ግን የምታለቅሰው ለዚህኛው ልጅ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ከአጠገቧ መቀመጥ ይበቃል። አባትየውም አይዘንጋ፤ እርሱም ልጅ ቀብሯል።

ስለ ቀብርና ስለ ጸሎት ሥርዓት ምእመናን የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፤ ካህናትም የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ያስረዱ። የሥርዓቱ መልስ ምንም ቢሆን ለእናቲቱ መጸለይና እርሷን መጎብኘት አይከለከልም። እንዲያውም አራስ ወደ ቤተ መቅደስ በማትገባባቸው ቀናት ካህኑ ወደ እርሷ ካልሄደ ማን ይሄዳል? ጸበልና ሕክምናም አይጣሉም፤ የካህኑ «ዛሬውኑ ሂጂ» የሚል አንድ ቃል የእናቲቱን ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል።

ሰበካ ጉባኤም ሦስት ነገር ቢያደርግ እንመክራለን፦

1. ለመጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ መመደብ፤
2. ከጽዋ ማኅበራት እናቶች ገንፎና አጥሚት ይዘው የሚሄዱ፣ ውኃና እንጨት የሚያግዙ ሁለት ሦስት ሰዎችን መምረጥ፤
3. ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከጤና ጣቢያው አዋላጅ ጋር መተዋወቅ።

እግዚአብሔርን የፈሩትን አዋላጆች ሲፓራንና ፉሐን መጽሐፍ ቅዱስ በስማቸው ጠርቶ ያከብራቸዋል (ዘጸ 1፥15-21)። በዘመናችን ያሉትም አዋላጆች ይህን ከባድ ሥራ ብቻቸውን ሊሸከሙት አይገባም።

አረጋዊው ካህን በሥልጠናው ማብቂያ ላይ «እንግዲህ ሳልጠራ እሄዳለሁ» ብለው ተሰናበቱን። እኛም ከዚህ የተሻለ የሥልጠና ውጤት አላየንም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰበካችን ባለፈው ዓመት ልጇ ሞቶ የተወለደባት እናት አለችን? ማን ጎበኛት?
2. በሌሊት ምጥ የመጣባት እናት ወደ ጤና ጣቢያ በምን ትደርሳለች?
3. ሳናውቅ የምንናገራቸው የሚያቆስሉ ቃላት የትኞቹ ናቸው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።