ፓዲና ራይስ፦ ኩንታሉ የየትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ይፋግ አካባቢ ሩዝ አመርታለሁ። በሥልጠና ላይ የተሰጠን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንዴ «ፓዲ»፣ አንዴ «ራይስ» ይላል። ሁለቱም ሩዝ አይደሉም ወይ?

መልስ፦ ሩዝስ ሩዝ ናቸው፤ ለገበሬ ግን ልዩነታቸው የገንዘብ ልዩነት ነው።

ፓዲ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገና ያልተፈለፈለው ሩዝ ነው፤ ከአውድማ ወደ ጎተራ የሚገባው ማለት ነው። ቃሉ ከማላይኛ የመጣ ሲሆን፣ ውኃ የተኛበትን የሩዝ ማሳም ይጠሩበታል። ራይስ ሰፋ ይላል፦ ተክሉም፣ እህሉም፣ ሳህን ላይ የቀረበውም ራይስ ነው። በንግድ ጽሑፍ ከፓዲ ጎን ሲቀመጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተፈለፈለውን ያመለክታል።

እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። አንድ ኩንታል ፓዲ ሲፈለፈል ገለባው ብቻ 20 ኪሎ ያህል ይወስዳል፤ ፉርሽካውም ሲወጣ በጥሩ መፈልፈያ የሚተርፈው ነጭ ሩዝ ከ65 እስከ 70 ኪሎ ነው። የአንዱን ኩንታል ዋጋ ለሌላው መውሰድ ከባድ ኪሳራ ያመጣል። የዓለም አቀፍ አኃዞችም እንዲሁ ያሳስታሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የአገሮችን ምርት በፓዲ ሲመዘግብ፣ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በተፈለፈለ ሩዝ ያሰላል።

በአማርኛ «ያልተፈለፈለ» እና «የተፈለፈለ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ጋዜጠኞችም ባለሙያዎችም «ሩዝ» ብቻ ብለው ባያልፉ እመርጣለሁ። እርስዎም ውል ከመፈረምዎ በፊት ዋጋው ለየትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ያስገቡ።